ኦገስት፦ የቄሣር ስም፣ የገበሬ ወር

ከእንግሊዝኛ ወደ አማርኛ ተውኔት የሚመልስ ሰው ትንሽ መስሎ ከሚያሰናክለው ነገር አንዱ የወር ስም ነው። ይህ ጸሐፊ ከዓመታት በፊት አንድ ተውኔት ሲተረጉም፣ በጠራራ ፀሐይ ላብ የሚያጠምቃቸውን ገጸ ባሕርያት «በዚህ በነሐሴ ሐሩር» አሰኝቷቸው ነበር። በልምምዱ ዕለት ውጭ ዝናቡ ይወርድ ነበርና ካፖርቱን ሳያወልቅ የቆመው ተዋናይ ቃሉን ካነበበ በኋላ፣ «ይህ የየት አገር ነሐሴ ነው?» ሲል ጠየቀ። ጥያቄው መልስ የሚያሳጣ ነበር። ነሐሴና ኦገስት እንኳንስ በአየራቸው በቀናቸውም አይገጥሙም፤ የእኛ ነሐሴ የሚብተው ኦገስት 7 ቀን ሲሆን፣ የሚያልቀው ሴፕቴምበር 5 ቀን ነው። እንግዲያው ይህ ኦገስት የተባለው ቃል ከወዴት መጣ? ምን ትርጉምስ ይዞ ኖረ? (ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዘመናት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ሮማውያን በጥንት ዘመን ዓመታቸውን ከማርች ይጀምሩ ስለነበር ይህን ወር «ሴክስቲሊስ»፣ ማለትም «ስድስተኛው» ይሉት ነበር። ዩልዮስ ቄሣር ከክርስቶስ ልደት በፊት በ46 ዓመት የዘመን አቆጣጠሩን አሻሻለ፤ በ44 ደግሞ «አምስተኛው» ይባል የነበረው የተወለደበት ወር በስሙ ጁላይ ተባለ። የእርሱ ወራሽ ኦክታቪያኖስ በ27 ከሮማ ሴኔት «አውግስጦስ» የሚል የማዕረግ ስም ተቀበለ። የሉቃስን ወንጌል ያነበበ ሁሉ የሚያውቀው፣ ዓለም ሁሉ ይጻፍ ዘንድ ያዘዘው አውግስጦስ ቄሣር እርሱ ነው። በ8 ዓመት ሴኔቱ ስድስተኛውን ወር በዚሁ ስም ጠራው። የተወለደው በሴፕቴምበር ሆኖ ሳለ ሴክስቲሊስ የተመረጠበት ምክንያት ግልጽ ነው፤ ለመጀመሪያ ጊዜ ቆንስል የሆነው፣ በ30 እስክንድርያን ይዞ ግብፅን ለሮማ ያስገበረው፣ በ29 በሦስት ቀን ሦስት የድል ሰልፍ ያደረገው በዚህ ወር ነበር። ስሙ እንግዲህ የጦር ድል መታሰቢያ ነው።

አውግስጦስ ከዩልዮስ ላለማነስ ሲል ከፌብሩዋሪ አንድ ቀን ወስዶ ወሩን 31 አደረገው የሚል ተረት በብዙ መጻሕፍት ይነገራል። ይህ በመካከለኛው ዘመን የተፈጠረ ወሬ ነው፤ ወሩ 31 ቀን የሆነው ቀድሞ በዩልዮስ ማሻሻያ ነበር።

ወርን በስሙ ለማስጠራት የተመኘ ገዥ አውግስጦስ ብቻ አልነበረም። ኔሮ ኤፕሪልን፣ ዶሚትያኖስ ሴፕቴምበርንና ኦክቶበርን በየስማቸው አስጠርተዋል፤ ኮሞዶስ እንዲያውም አሥራ ሁለቱንም ወራት በስሞቹና በማዕረጎቹ ለወጠ። ዶሚትያኖስ በ96፣ ኮሞዶስ በ192 ዓ.ም. ሲገደሉ ስሞቻቸውም አብረዋቸው ተቀበሩ። አዋጅ ስም ያወጣል እንጂ ስሙን በሕዝብ አፍ ላይ አያኖረውም። «አውግስጦስ» ግን ከእርሱ በኋላ ለነገሡት ሁሉ የማዕረግ ስም ስለሆነ ከአንድ ሰው ዕድሜ በላይ የሚኖርበት መሠረት አገኘ።

ይህ ስም እንግሊዝ ሲደርስ የተቀመጠው በሌላ ስም መቃብር ላይ ነው። ቢድ የተባለው መነኩሴ በ725 ዓ.ም. በጻፈው የዘመን አቆጣጠር መጽሐፍ እንደሚነግረን፣ አንግሎ ሳክሶኖች ይህን ወር «ዌኦድሞናት» ይሉት ነበር፤ «የአረም ወር» ማለት ነው፤ አረም የሚበረታው በዚያን ጊዜ ነበርና። በነሐሴ ጎንበስ ብሎ ጤፉን የሚያርም የእኛ ገበሬ ይህን ስም ያለ አስተርጓሚ ይረዳው ነበር። ይሁን እንጂ ብራናውና ብዕሩ ላቲን በሚያውቁ ካህናት እጅ ስለነበር የአረም ወር ከመጻሕፍት ወጥቶ የቄሣር ወር ገባ። ገበሬው ግን ጨርሶ አልተሸነፈም፤ የወሩ መባቻ ከአዲሱ እህል የተጋገረ ዳቦ ለቤተ ክርስቲያን የሚቀርብበት ዕለት ነበርና «የዳቦ ቅዳሴ» በሚለው ስሙ፣ ላማስ ተብሎ ኖረ።

ዛሬ በእንግሊዝኛ ቃሉ ሁለት ሆኖ ይኖራል። የወር ስም ሲሆን በትልቅ ፊደል ይጀመራል፤ ድምፁም በመጀመሪያው ክፍለ ቃል ላይ ይበረታል። በትንሽ ፊደል ተጽፎ ድምፁ በሁለተኛው ክፍለ ቃል ላይ ሲበረታ ግን «ግርማ ያለው፣ ክቡር» የሚል ቅጽል ነው። የቄሣሩ ግርማ የቀረው በዚህ በሁለተኛው ብቻ ነው። ወሩማ ለእንግሊዛዊው የመከርና የዕረፍት ጊዜ ነው፤ በ1871 በወጣው ሕግ የወሩ የመጀመሪያ ሰኞ የሥራ በዓል ሆነ፤ በእንግላንድ በ1971 ሕግ ወደ መጨረሻው ሰኞ ተዛወረ። ብሪታንያ በ1914 ኦገስት 4 ቀን ወደ ጦርነት ከገባች ወዲህ ደግሞ ወሩ ለታሪክ አንባቢ የሐዘን ጥላም አለው። እስክንድርያን የሚያስታውስበት ግን ከሊቃውንት በቀር ማን አለ?

ስለዚህ ስምን ኃያል ቢሰጥም ትርጉምን የሚሰጠው በዚያ ስም የሚያርሰው፣ የሚያርፈውና የሚያለቅሰው ተናጋሪ ነው። ተርጓሚም ማድመጥ ያለበት ይህንኑ ተናጋሪ ነው። እኔም በመጨረሻ የወሩን ስም ከተውኔቱ አውጥቼ «በዚህ በበጋ ሐሩር» አልኩ፤ ተዋናዩም ካፖርቱን አወለቀ።