መጻተኛና ጠመንጃ በአሜሪካ

የአባት ጠመንጃ ለልጅ በሚወረስበት አገር ተወልዶ ላደገ አንባቢ፥ ጠመንጃ ከመሣሪያነቱ በላይ የባለቤቱን ማዕርግ የሚናገር ነገር መሆኑን ማስረዳት ትርፍ ድካም ነው። ባላገሩ «መሣሪያህን አስረክብ» ሲባል የሚቈጣው የብረቱ ዋጋ አሳስቦት አይደለም፤ ከሰው ተራ የወጣ መስሎ ስለሚታየው ነው። ይህን የሚያውቅ ሁሉ ከዚህ በታች የምንተርከውን የሩቅ አገር ታሪክ ለመረዳት አይቸገርም። በአሜሪካ የተባበሩት መንግሥታት፥ በሕግ የገቡ፥ ሠርተው የሚያድሩና ግብር የሚከፍሉ፥ ነገር ግን ዜግነት ያላገኙ ሰዎች ጠመንጃ መያዝ ይችላሉን ወይስ አይችሉም የሚለው ጥያቄ ከመቶ ዓመት በላይ በሸንጎና በችሎት ሲያከራክር ኖሯል። በዚህ ጽሑፍ የሚነሡት ዓመታት ሁሉ የተቈጠሩት እንደ አውሮጳውያን አቈጣጠር ነው።

የክርክሩ ሥር ያለው በሦስት ቃላት ነው፤ ይኸውም «ሕዝብ»፥ «ዜጋ»ና «ሰው» የሚሉት ናቸው። በ1791 ዓ.ም. የጸደቀው የሕገ መንግሥቱ ሁለተኛ ማሻሻያ መሣሪያ የመያዝን መብት የሰጠው ለ«ሕዝቡ» ነው። የፔንሲልቫንያ ክፍለ ግዛት በ1776 ዓ.ም. ባወጣው ሕገ መንግሥት እንደዚሁ «ሕዝቡ» ብሎ ነበር፤ በ1790 ዓ.ም. ሕጉን ሲያድስ ግን ቃሉን ለውጦ «ዜጎች» አለ። ሚቺጋንና ኮሎራዶ ደግሞ በየሕገ መንግሥታቸው «ሰው» የሚለውን ቃል መረጡ። እነዚህን ሕጎች ያረቀቁት ሰዎች ቃሉን ሲመርጡ ስለ መጻተኛ ያስቡ እንደ ነበር አይመስለኝም። ቢሆንም የአንድ ቃል ምርጫ ከብዙ ዘመን በኋላ አንዱን ባለጠመንጃ፥ ሌላውን ባዶ እጁን አደረገው።

ዜግነትና ጠመንጃ በዚያ አገር አሳብ ምን ያህል ተጣብቀው እንደ ኖሩ ለማየት የ1857 ዓ.ም.ን የድሬድ ስኮት ፍርድ መመልከት ይበቃል። የጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ፕሬዚዳንት ሮጀር ቴኒ፥ ጥቊሮች ዜጎች አይደሉም ብለው ሲፈርዱ፥ ዜጎች ናቸው ቢባል ምን እንደሚከተል ቈጠሩ። ከቈጠሩትም መካከል አንዱ ጥቊሩ በሄደበት ሁሉ መሣሪያ ይዞ ለመዘዋወር መብት ያገኛል የሚል ነበር። ዳኛው ይህን ያነሡት ለማስፈራሪያ ነው። ባርነት ከቀረ በኋላም የሚሲሲፒ ሸንጎ በ1865 ዓ.ም. ነፃ የወጡት ጥቊሮች ያለ ፈቃድ መሣሪያ እንዳይዙ ከለከለ። በ1868 ዓ.ም. የጸደቀው ዐሥራ አራተኛው ማሻሻያ ግን ዜግነትን ለጥቊሮች ካረጋገጠ በኋላ፥ የሕግን እኩል ጥበቃ የሰጠው ለዜጋ ብቻ ሳይሆን ለማንኛውም «ሰው» ነበር። የኋለኞቹ መጻተኞች ጠበቆች የሚጠቅሱት ይህችን ቃል ነው።

ወደ ዋናው ነገር እንምጣ። ከ1890ዎቹ ዓመታት ጀምሮ ከደቡብና ከምሥራቅ አውሮጳ፥ በተለይም ከኢጣልያ፥ እጅግ ብዙ ድኻ ሕዝብ ወደ አሜሪካ ጐረፈ። ከዚህም ሕዝብ ብዙው በፔንሲልቫንያ የድንጋይ ከሰል ጕድጓድና የብረት ማቅለጫ ሥራ ገባ። ሳምንቱን ሙሉ ከመሬት በታች ሲቈፍር የሰነበተው ሠራተኛ የዕረፍት ቀን ሲመጣለት ጠመንጃውን አንግቦ ወደ ዱር ይወጣል። በኢጣልያ ትናንሽ ወፎችን አድኖ መብላት የቈየ ልማድ ስለ ነበረ፥ አሜሪካዊው ለዝማሬዋ የሚወዳትን ወፍ ኢጣልያዊው ለድስቱ ይፈልጋታል። የኒው ዮርክ የአራዊት ማኖሪያ ዲሬክተር የነበሩት ዊልያም ሆርናዴይ በ1913 ዓ.ም. ባሳተሙት መጽሐፍ ስለ አሜሪካ የዱር አራዊት መጥፋት ሲያዝኑ ኢጣልያኖችን ለይተው ከሰሱ።

የክፍለ ግዛቱ መንግሥት ያለ ምክንያት ፈራ ማለት አይቻልም። ፔንሲልቫንያ አራዊቱን የሚጠብቅ መሥሪያ ቤት በ1895 ዓ.ም. አቋቁሞ ነበር፤ የዱር ጠባቂዎቹም በየጫካው ከአዳኞች ጋር ይጋጩ ነበር። በ1906 ዓ.ም. ሲሊ ሁክ የተባለ የዱር ጠባቂ በሎውረንስ አውራጃ ተገደለና ሬሳው ከወንዝ ውስጥ ተገኘ። በዚህ ግድያ ሮኮ ራኮ የተባለ ኢጣልያዊ ተከሶ በ1909 ዓ.ም. በስቅላት ተቀጣ። ጠባቂው የራኮን ውሻ ስለ ገደለበት በቂም የተፈጸመ ግድያ ነው የሚል ክስ ነበር የቀረበበት። ስለ ፍርዱ ትክክለኛነት በኋላ ብዙ ተጽፏል፤ በዚያን ጊዜ ግን የኢጣልያን ስም፥ ጠመንጃና ደም በሰው አፍ አንድ ላይ ይነሡ ነበር።

በዚያው በ1909 ዓ.ም. የፔንሲልቫንያ ሸንጎ ሕግ አወጣ። ሕጉ በውጭ አገር የተወለደና ዜግነት ያላገኘ ነዋሪ ሁሉ፥ ራሱንና ንብረቱን ለመከላከል ካልሆነ በቀር፥ ማናቸውንም የዱር ወፍ ወይም አውሬ እንዳይገድል ከለከለ። ቀጥሎም ይህ እንዲፈጸም ሲል የአደን ጠመንጃም ሆነ ሌላ ረጅም ጠመንጃ የራሱ አድርጎ እንዳይይዝ አዘዘ። ተላልፎ የተገኘ ሰው 25 ዶላር ይቀጣል፤ ጠመንጃውም ይወረሳል። 25 ዶላር ለከሰል ቈፋሪ የብዙ ቀን ደመወዝ ነበር። እዚህ ላይ አንባቢ እንዲያስተውልልን የምንፈልገው ሕጉ ጥፋተኛውን አዳኝ ከንጹሑ አለመለየቱን ነው። አንዲት ወፍ እንኳ ያልገደለ ሰው ጠመንጃው በቤቱ ግድግዳ ላይ ተሰቅሎ ቢገኝ ጥፋተኛ ነበር።

ጆሴፍ ፓትሶኔ የተባለ የኢጣልያ ዜጋ በዚህ ሕግ ተከሶ ተፈረደበት። እርሱም ሕጉ ዐሥራ አራተኛውን ማሻሻያ፥ እንዲሁም አሜሪካና ኢጣልያ የተዋዋሉትን ውል ይጥሳል ብሎ እስከ አገሪቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ድረስ ተከራከረ። በጥር ወር 1914 ዓ.ም. ፍርዱን የጻፉት ኦሊቨር ዌንዴል ሆምስ ናቸው። እኒህ ዳኛ በሊቅነታቸው ዛሬም የሚጠቀሱ ናቸው፤ ፓትሶኔን ግን አልረዱትም። አሳባቸው ባጭሩ እንዲህ ነው፤ በአራዊቱ ላይ ጥፋት የሚመጣው በተለይ ከመጻተኞች መሆኑን የክፍለ ግዛቱ ሸንጎ ካመነ፥ የአገሩን ሁኔታ ከሩቅ ሆነው የሚያዩት ዳኞች ተሳስታችኋል ለማለት አይችሉም። ራስን ስለ መከላከል የተነሣውንም ክርክር፥ ሕጉ ሽጉጥን አልከለከለም ብለው መለሱት። የፍርድ ቤቱ ፕሬዚዳንት ኤድዋርድ ኋይት በፍርዱ አልተስማሙም።

የሽጉጡን ነገር ዝም ብሎ ማለፍ አይቻልም። ኒው ዮርክ ከሦስት ዓመት በፊት፥ በ1911 ዓ.ም.፥ ሱሊቫን የተባለውን ሕግ አውጥቶ ያለ ፈቃድ ሽጉጥ መያዝን ወንጀል አድርጎት ነበር። እንግዲህ ኢጣልያዊው በፔንሲልቫንያ ሳለ «ረጅሙ ጠመንጃ አይገባህም፤ ሽጉጥ ይበቃሃል» ይባላል፤ ወንዙን ተሻግሮ ኒው ዮርክ ሲገባ ደግሞ የሚያስጠይቀው ያው ሽጉጥ ነው።

ስለ አራዊቱም ቢሆን ነገሩ ሌላ ገጽ አለው። ፓትሶኔ በተፈረደበት በዚያው ዓመት፥ በመስከረም 1 ቀን 1914 ዓ.ም.፥ በሲንሲናቲ የአራዊት ማኖሪያ ውስጥ የመጨረሻዋ ተጓዥ ርግብ ሞተች። ይህ የርግብ ዘር ቀድሞ በቢልዮን የሚቈጠርና ሲበር ፀሐይን የሚጋርድ ነበር። የፈጁት በምድር ባቡር እየተጓዙ ለገበያ ያድኑ የነበሩ ሰዎች ሲሆኑ፥ ፍጅቱም የተጠናቀቀው የኢጣልያኖቹ ጐርፍ ገና ሳይበረታ ነው። ዜጎቹ በጠመንጃቸው የሠሩት ጥፋት ግን የዜጎችን ጠመንጃ አላስወረሰም።

ሸንጎው በጠመንጃው ብቻ አልቆመም። በ1915 ዓ.ም. ፔንሲልቫንያ መጻተኛ ነዋሪ ማናቸውንም ዐይነት ውሻ እንዳያሳድር ከለከለ። ምክንያቱ ያው አደን ነበር። ነገር ግን ቤቱን የሚጠብቅለት ውሻ፥ ልጆቹ የሚጫወቱበት ቡችላ እንኳ ለባዕድ የማይገባው ከሆነ፥ ሕጉ የሚጠብቀው ወፎቹን ነው ብሎ ማመን ያስቸግራል።

«ሰው» የሚለውን ቃል በመረጡት ክፍላተ ግዛት ግን ነገሩ በሌላ መንገድ ሄደ። ሚቺጋን ውስጥ ዜሪሎ በተባለ መጻተኛ ላይ የቀረበውን ክስ በ1922 ዓ.ም. የመረመረው የክፍለ ግዛቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት፥ ሕገ መንግሥታችን ራሱን ለመከላከል መሣሪያ እንዲይዝ የፈቀደው ለእያንዳንዱ ሰው ስለ ሆነ መጻተኛውም ሰው ነው ሲል ፈረደ። በካሊፎርንያ ደግሞ ዜግነት የሌለው ሰው በልብስ ውስጥ የሚደበቅ መሣሪያ እንዳይዝ የሚከለክል ሕግ በ1923 ዓ.ም. ወጣ። በማግሥቱ ዓመት ራሚሬዝ በተባለ ሰው ጉዳይ ላይ ሕጉ ጸና፤ የካሊፎርንያ ሕገ መንግሥት ስለ መሣሪያ መብት ምንም ቃል አልነበረውምና።

ከሁሉ ይልቅ የሚያስገርመው በኮሎራዶ በ1936 ዓ.ም. የተሰጠው ፍርድ ነው። ናካሙራ የተባለ የጃፓን ተወላጅ የዱር ወፎችና የአደን ጠመንጃ ይዞ ተገኘና ተከሰሰ። ዳኞቹ ነገሩን ከሁለት ከፈሉት። አራዊቱ የክፍለ ግዛቱ ዜጎች የጋራ ሀብት ስለ ሆኑ መጻተኛ እንዳያድናቸው መከልከል ይቻላል አሉ። የኮሎራዶ ሕገ መንግሥት ግን የማንም ሰው ቤቱን፥ አካሉንና ንብረቱን በመሣሪያ የመከላከል መብቱ አይነካም ስለሚል፥ አራዊትን እንጠብቃለን ተብሎ አንድን የሰው ወገን ትጥቅ ማስፈታት አይቻልም ብለው ወሰኑ። ወፎቹ ላይ ናካሙራ ተረታ፤ ጠመንጃው ላይ ረታ።

የናካሙራን ጉዳይ ከፓትሶኔ የሚለየው አንድ ነገር አለ። ፓትሶኔን «ዜግነት አግኝና ጠመንጃህን ያዝ» ማለት ይቻል ነበር። የ1790 ዓ.ም. የዜግነት ሕግ ግን በሩን የከፈተው ለነጮች ብቻ ሲሆን፥ በ1870 ዓ.ም. ለአፍሪካ ተወላጆች ተከፈተ፤ ጃፓኖች ግን ውጭ ቀሩ። ታካኦ ኦዛዋ የተባለ ጃፓናዊ ዜግነት ይገባኛል ብሎ ያቀረበውን ክስ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ1922 ዓ.ም. ውድቅ አደረገው። ስለዚህ «ዜጋ ያልሆነ» የሚለው ቃል ለጃፓን ተወላጅ ለጥቂት ዓመታት የሚቈይ ሁኔታ አልነበረም፤ እስከ ዕለተ ሞቱ የሚከተለው ስም ነበር። ይህ የተለወጠው በ1952 ዓ.ም. ነው።

ጦርነቱ ሲመጣ የክፍላተ ግዛት ሕግ ሁሉ በአንድ ሌሊት ተበለጠ። ፐርል ሃርበር በተመታበት በታኅሣሥ 7 ቀን 1941 ዓ.ም. እና በማግሥቱ ፕሬዚዳንት ሩዝቬልት ባወጧቸው አዋጆች፥ ዕድሜያቸው 14 ዓመት የሞላ የጃፓን፥ የጀርመንና የኢጣልያ ዜጎች የጠላት አገር ሰዎች ተባሉ፤ ጠመንጃ፥ ጥይት፥ የአጭር ሞገድ ራዲዮና የፎቶግራፍ ማንሻ እንዳይዙም ተከለከሉ። ልጁ የአሜሪካን ጦር ልብስ ለብሶ ጠመንጃ የተሸከመ ኢጣልያዊ አባት፥ እርሱ ራሱ የአደን ጠመንጃውን ለፖሊስ ያስረክብ ነበር። ኢጣልያኖቹ ከዚህ ስም የተፈቱት በጥቅምት 1942 ዓ.ም. ነው።

ከጦርነቱ በኋላ የፓትሶኔ ፍርድ መሠረቱ እየተሸረሸረ ሄደ። በ1948 ዓ.ም. ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ካሊፎርንያ ለአንድ ጃፓናዊ የዓሣ ማጥመጃ ፈቃድ መንፈጓን ሲሽር፥ የዱር ሀብት የዜጎች ነው የሚለው ክርክር ብዙ ኃይሉን አጣ። በ1971 ዓ.ም. መጻተኞችን ለይቶ የሚጐዳ የክፍለ ግዛት ሕግ ሁሉ በጥብቅ ሊመረመር ይገባዋል ተባለ። በሚቀጥለው ዓመት የካሊፎርንያ የይግባኝ ፍርድ ቤት ያንን የ1923 ዓ.ም. ክልከላ በመጻተኞች በኩል ሻረው።

ዛሬ ያለው አገር አቀፍ ሕግ የተመሠረተው በ1968 ዓ.ም. ነው፤ ያን ጊዜ የተከለከሉት ያለ ፈቃድ የገቡ ሰዎች ናቸው። በየካቲት 1997 ዓ.ም. ለጒብኝት የገባ አንድ ሰው በፍሎሪዳ በገዛው ሽጉጥ በኒው ዮርክ በኢምፓየር ስቴት ሕንፃ ላይ ተኩሶ ሰው ስለ ገደለ፥ በ1998 ዓ.ም. በጊዜያዊ ቪዛ የሚገቡትንም የሚከለክል ሕግ ተጨመረ። ሕጉ ከተዋቸው ልዩ ሁኔታዎች አንዱ የአደን ፈቃድ የያዘ ሰው ነው። በ1909 ዓ.ም. መጻተኛው ጠመንጃውን የተነጠቀው እንዳያድን ተብሎ ነበር፤ አሁን ግን ጊዜያዊው እንግዳ ጠመንጃ የሚፈቀድለት ሊያድን እንደ ሆነ ነው!

በ2008 ዓ.ም. ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ የሁለተኛው ማሻሻያ መብት የእያንዳንዱ ሰው የግል መብት ነው ብሎ ከወሰነ ወዲህ ክርክሩ «ሕዝብ» ወደሚለው ቃል ተመልሷል። በ2012 ዓ.ም. በማሳቹሴትስ የሚገኘው የፌዴራል ፍርድ ቤት፥ ቋሚ ነዋሪዎች ቤታቸውን ለመጠበቅ ሽጉጥ እንዳይዙ የሚያግደውን የክፍለ ግዛቱን ሕግ፥ እነርሱም ከሕዝቡ ወገን ናቸው በማለት ሻረ። ያለ ፈቃድ ስለሚኖሩት ግን ዳኞቹ ተለያዩ። አንዳንዶቹ የይግባኝ ፍርድ ቤቶች «ሕዝብ» ውስጥ አይገቡም ሲሉ፥ በቺካጎ የተቀመጠው የይግባኝ ፍርድ ቤት በ2015 ዓ.ም. በሕፃንነቱ ከሜክሲኮ መጥቶ እዚያው ያደገ ሰው ከሕዝቡ ሊቈጠር ይችላል አለ፤ ይሁን እንጂ ክልከላው ራሱ ተገቢ ነው ብሎ ቅጣቱን አጸናበት።

ይህ ነገር አሁን የእኛንም ወገኖች የሚነካ ሆኗል። ግሪን ካርድ ይዞ በአሜሪካ የሚኖር ኢትዮጵያዊ በአገር አቀፉ ሕግ በኩል ከዜጋው እኩል ጠመንጃ ሊገዛ ይችላል። ወደ መሸጫው ሲገባ የሚቀርብለት ቅጽ ለዜጋውም ለባዕዱም አንድ ነው። ስሙንና አድራሻውን ጽፎ ሲወርድ፥ የየትኛው አገር ዜጋ እንደ ሆነ የሚጠይቅ መስመር ያገኛል። እዚያ ላይ «ኢትዮጵያ» ብሎ ይጽፋል፤ ከእርሱም በታች የመጻተኛነት ቊጥሩን ይሞላል።