ዜግነትን ስለ ማስተማር፤ ከመንገድ ዳር ችሎት እስከ ኮተቤ

ከየካ ሚካኤል ተነሥቶ የእንጦጦን ተራሮች በስተ ግራ እያየ ወደ ምሥራቅ ለሚጓዝ ሰው ኮተቤ ሩቅ አይደለም። በዚያ ሥፍራ በ1935 ዓ.ም. የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ተከፈተ። በ1943 ዓ.ም. የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ሥራ ሲጀምር ከመጀመሪያዎቹ ተማሮች መካከል ከዚያ የመጡ ነበሩ። ዛሬም የኮተቤ የትምህርት ዩኒቨርሲቲ መምህራንን ያሠለጥናል። ስለዚህ «ልጅ ዜጋ የሚሆነው በምን ዓይነት ትምህርት ነው?» የሚለው ጥያቄ ለየካ ሰው እንግዳ አይደለም፤ መልሱን መፈለግ የሚገባቸው መምህራን ከደጁ ይወጣሉና። እኛም በዚህ አጭር ጽሑፍ ይህንኑ ጥያቄ በታሪክ በኩል ለመመርመር ተነሥተናል።

አስቀድሞ ስለ ሕግ መስማትና በሕግ መፍረድ የተለያዩ መሆናቸውን ማስታወስ ያስፈልጋል። በየካም ሆነ በሌላው ደብር ግቢ የነበረው የንባብ ትምህርት ልጁን ፊደል አስቆጥሮ፣ ዳዊት አስደግሞ፣ ታላቁን ማክበርንና ትእዛዝ መቀበልን አስተምሮታል። መፍረድን ግን ልጁ የተማረው ከግቢው ውጭ፣ ችሎት ከተዘረጋበት ዛፍ ሥር ቆሞ በማዳመጥ ነው።

የቀድሞው ሙግት በአንደበት የሚካሄድ እንደ ነበረ ይታወቃል። ከሳሹ «ተጠየቅ» ብሎ ይነሣል፤ ተከሳሹም በዚያው ቃል ይመልሳል፤ በማር ወይም በበቅሎ ይወራረዳሉ፤ በዙሪያው የቆመው ሕዝብ ማን እንደ ረታ ለራሱ ይመዝናል። ሁለት ሰዎች መንገድ ላይ ቢጣሉ ደግሞ አላፊውን አስቁመው «ዳኘን» ይሉት ነበር። የተጠራው ሰው ጥሎ መሄድ ነውር ስለሚሆንበት፣ ስንቁን አውርዶ ሁለቱንም ይሰማል፤ ወይ ይፈርዳል፣ ወይ ወደ ዳኛ ይመራቸዋል። ያለ ሹመትና ያለ ደመወዝ ማንም መንገደኛ ለአንድ ሰዓት ዳኛ ይሆናል ማለት ነው። ይህን ልማድ ከመጠን በላይ ለማሞገስ አንሻም፤ ባለ ዕዳ ከባለ ገንዘቡ ጋር በቁራኛ የሚታሰርበት ዘመን ነበረ፤ ባላባትና ጭሰኛም በአንድ ችሎት ፊት ቢቆሙ ሚዛናቸው እኩል አልነበረም። ቢሆንም ተራው ሰው የሌላውን ሰው ነገር የመስማትና የመመዘን ግዴታ እንዳለበት ያስተማረ ትምህርት ቤት ይኸው ችሎት ነበር።

በዘመናዊው ታሪካችን ይህን ነገር ከሁሉ አስቀድሞ የተረዳው ሰው በጅሮንድ ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም ይመስለናል። እኚህ በሩስያ አገር የተማሩ ሰው «ፋቡላ» በመባል የሚታወቀውን የአውሬዎች ኮሜዲያ ጻፉ። የአገራችን ዘመናዊ ቴአትር ታሪክ ብዙውን ጊዜ የሚጀመረው ከዚህ ነው። መድረክ ላይ የሚናገሩት አውሬዎች ናቸው፤ የሚተቸው ግን የአስተዳደሩ ብልሹነት ነበር። ተመልካቹ እየሳቀ ይፈርዳል። ባለሥልጣኖቹም ነገሩ ገብቷቸው ኖሮ ቴአትሩ ታገደ። (የገባቸው መሆኑ ራሱ ትምህርቱ ጥሩ እንደ ነበር ያስረዳል።) ከእርሳቸው በኋላ እነ ዮፍታሔ ንጉሤ ከትምህርት ቤት ልጆች ጋር ቴአትር እያዘጋጁ የአገር ፍቅርን አስተምረዋል፤ ነገር ግን ሹምን የሚመዝን ቴአትር በትምህርት ቤት ውስጥ በቀላሉ ቦታ አላገኘም።

እኚሁ ተክለ ሐዋርያት በ1881 ዓ.ም. ከወጣው የጃፓን ሕገ መንግሥት ብዙ በመውሰድ የ1923ቱን ሕገ መንግሥት አረቀቁ። ሐምሌ 9 ቀን 1923 ዓ.ም. ሲፈረምም ትርጉሙን ለተሰበሰቡት መኳንንት በንግግር አስረዱ። በእኛ አስተያየት ይህ ንግግር በመንግሥት ደረጃ የተሰጠ የመጀመሪያው የዜግነት ትምህርት ነው፤ ተማሮቹ ግን ራሶችና ደጃዝማቾች ነበሩ። ሕዝቡ በዚያ አልነበረም። ሕገ መንግሥቱም ራሱ፣ ሕዝቡ መምረጥ እስኪችል ድረስ የሕግ መምሪያ ምክር ቤት አባሎችን መኳንንቱና የአገር ሹሞች ይመርጡለታል የሚል አንቀጽ ነበረው። «እስኪችል ድረስ» የሚለው ቃል ሊታለፍ አይገባውም። እንዲችል የሚያደርገው ማን ነው? የሚችልበትስ ቀን እንዴት ይታወቃል? ሰነዱ ለዚህ መልስ አልሰጠም። ሥራው ለትምህርት ቤት ቀረ።

ትምህርት ቤቱም በበኩሉ የሰጠው መልስ በየዘመኑ ይለዋወጥ ነበር። የ1923ቱ ሕገ መንግሥት 55 አንቀጽ፣ የ1948ቱ 131፣ የ1979ኙ 119፣ የ1987ቱ ደግሞ 106 አንቀጽ አላቸው። በንጉሠ ነገሥቱ ዘመን የትምህርቱ ስም ግብረ ገብ ነበር፤ በደርግ ዘመን የፖለቲካ ትምህርት ሆነ፤ ከ1986ቱ የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ በኋላ ሥነ ዜጋና ሥነ ምግባር ተባለ። እያንዳንዱ የቀደመውን መጽሐፍ ጥሎ የራሱን አመጣ። አንድ መምህር በአንድ ዕድሜው ሦስቱንም ያስተማረ እንደ ሆነ፣ ተማሪው ፊት ቆሞ «ይህ እውነት ነው» ለማለት ምን ያህል ድፍረት እንደሚያስፈልገው መገመት አያዳግትም።

ከመጽሐፍ ውጭ የተሞከሩት መንገዶች የበለጠ ፍሬ አፍርተዋል፤ ፍሬው ግን ሁልጊዜ ዘሪው የፈለገው ዓይነት አልነበረም። በ1957 ዓ.ም. የተጀመረው የዩኒቨርሲቲ አገልግሎት የኮሌጅ ተማሪውን ለአንድ ዓመት ወደ ጠቅላይ ግዛት እየላከ እንዲያስተምር አደረገ። የከተማው ልጅ የጭሰኛውን ኑሮ በዐይኑ አየ። ታኅሣሥ 12 ቀን 1967 ዓ.ም. ደግሞ የእድገት በኅብረት የዕውቀትና የሥራ ዘመቻ ታውጆ 60,000 ያህል ተማሮችና መምህራን ወደ ገጠር ዘመቱ። ፊደል አስተማሩ፤ የካቲት 25 ቀን የታወጀውን የገጠር መሬት አዋጅ ለገበሬው አስረዱ፤ የገበሬ ማኅበሮችን አደራጁ። መንግሥት የፈለገው አዋጁን የሚያደርስ መልእክተኛ ነበር። ብዙዎቹ ዘማቾች ግን መንግሥት ካሰመረው ወሰን አልፈው ሄዱ፤ በየሥፍራው ግጭት ተነሣ፤ ጣቢያቸውን ትተው የተመለሱም ብዙ ነበሩ። ዘመቻው ያስከፈለውን ዋጋ አንክድም። ነገር ግን በክፍል ውስጥ በአሥራ ሁለት ዓመት ያልተማሩትን በአንድ ክረምት እንደ ተማሩ አያጠራጥርም፤ የታዘዙትን ብቻ መድገም አቅቷቸዋልና።

ወደ ቅርቡ ዘመን ስንመጣ የሥነ ዜጋው መጽሐፍ በ11 ዕሴቶች ላይ የተመሠረተ ነበር፤ የሕግ የበላይነት፣ እኩልነት፣ ፍትሕ፣ አገር መውደድ፣ ቁጠባ የመሳሰሉት ናቸው። በዕሴቶቹ ላይ ቅሬታ የለንም። ቅሬታችን ከክፍል ወደ ክፍል በዚያው ቅደም ተከተል መደጋገማቸው ነው። በሚሲዮን ትምህርት ቤት የተማርን ሰዎች ያልገባንን ነገር በቃል አጥንቶ ሙሉ ነጥብ ማግኘት ምን ያህል ቀላል እንደ ሆነ እናውቃለን። በአዲሱ ሥርዓተ ትምህርት ግብረ ገብ ለታናናሾቹ ተመልሷል፤ ከፍ ላሉት የዜግነት ትምህርት ተዘጋጅቷል። የስሙ መለወጥ ብቻውን የአሰጣጡን ችግር አይፈታም።

ታዲያ ምን ይደረግ? ብዙ ገንዘብ የማይጠይቅ አንድ ሐሳብ እናቀርባለን። በየካ ሠፈሮች ዕድር አለ፤ ዕድሩም ደንብ፣ ሊቀ መንበር፣ ጸሐፊ፣ ገንዘብ ያዥና የቅጣት መዝገብ አለው። የስምንተኛ ክፍል ተማሪ የወላጆቹን ዕድር ደንብ ይዞ ይምጣ። መዋጮ ባለ መክፈሉ የተሰረዘ አባል ከመሰረዙ በፊት ቃሉ ተሰምቷል? ሒሳቡን የሚመረምረው ማን ነው? ሴት ሊቀ መንበር ሆና ታውቃለች? ከዚያ በኋላ የ1987ቱን ሕገ መንግሥት አንቀጽ 25፣ 35 እና 37 ይክፈት፤ ስለ እኩልነት፣ ስለ ሴቶች መብትና ፍትሕ ስለ ማግኘት የተጻፈውን ከደንቡ ጋር ያስተያይ። ክፍሉ ለሁለት ተከፍሎ በጥንቱ «ተጠየቅ» ይሟገት፤ ዳኛውም እንደ መንገዱ ዳኛ ከተማሮቹ መካከል ሳይዘጋጅ ይጠራ፤ ፍርዱን ከነምክንያቱ በጽሑፍ ያቅርብ።

ይህ ሥራ በምርጫ ጥያቄ አይፈተንም፤ ስድሳ ልጅ በታጨቀበት ክፍልም ይከብዳል። ከዚህም የሚበልጠው ችግር የዕድሩ ሽማግሎች የልጆቹን ጥያቄ ላይወዱት መቻላቸው ነው፤ «ፋቡላን» ያሳገደው ስሜት ከቤተ መንግሥት ብቻ የሚገኝ አይደለም። ስለዚህ መምህሩ አስቀድሞ ወደ ጸሐፊው ሄዶ ጉዳዩን በአክብሮት ማስረዳት፣ የአባላቱም ስም በክፍል ውስጥ እንደማይነሣ ቃል መግባት ይኖርበታል። የዕድር ስብሰባ ብዙውን ጊዜ እሑድ ስለሚደረግ፣ ተማሮቹ ከኋላ ተቀምጠው ቢያዳምጡ የክፍል ሰዓት አይነካም።