በዘመቻ የነበረችው ሴት፤ ከወላይታ ዘመቻ እስከ ዛሬ

ሴት ወታደር ሆና በውጊያ ግንባር መሰለፍ ይገባታል ወይስ አይገባትም የሚለው ጥያቄ ባለፉት ዐሥርት ዓመታት በብዙ አገሮች ሸንጎ አከራክሯል። ኖርዌይ እ.ኤ.አ. በ2013 ሴቶችም እንደ ወንዶች የግዴታ ውትድርና እንዲፈጽሙ ወሰነች፤ አሜሪካም እ.ኤ.አ. በ2015 መጨረሻ ማናቸውንም የውጊያ ሥራ ለሴቶች ክፍት አደረገች። በኢትዮጵያ ነገሩ ሲነሣ ክርክሩ ብዙ ጊዜ ወደ ታሪክ ይዞራል። አንዱ ወገን እቴጌ ጣይቱን ጠቅሶ ሴት ከጥንት ጀምራ ተዋግታለች ይላል፤ ሌላው ወገን የሴት ስፍራዋ ቤቷ ነው፤ የአባቶች ባህልም ይኸው ነው ሲል ይመልሳል። ሁለቱም ወገኖች ታሪክን ምስክር ካደረጉ ዘንድ የምስክሩን ቃል እስከ መጨረሻው መስማት ያስፈልጋል።

ለዚህ ምርመራ የወላይታ ምድር የተመቸ መነሻ ነው። ከሶዶ ወደ ሰሜን ሲወጡ የምትገኘው ቦዲቲ የዳሞት ጋሌ ወረዳ ዋና ከተማ ናት፤ ያለችበትም የወላይታ ሰሜናዊ ክፍል ከሸዋ በኩል ለሚመጣ ጦር የመግቢያ በር ነው። በ1887 ዓ.ም. መጀመሪያ ወራት ዳግማዊ ምኒልክ ራሳቸው እየመሩ በካዎ ጦና መንግሥት ላይ ዘመቱ፤ ራስ ሚካኤልና የጅማው አባ ጅፋርም ጦራቸውን ይዘው አብረው ነበሩ። ጋስቶን ቫንደርሃይም የተባለ ፈረንሳዊ ነጋዴ ዘመቻውን ተከትሎ ያየውን በመጽሐፍ ጽፎ እ.ኤ.አ. በ1896 አሳትሟል። በዚህ ዘመቻ ሁለት ዓይነት ሴቶች በአንድ ሜዳ ላይ ተገናኙ፤ አንደኛዋ ከዘማቹ ጋር የመጣችው ሴት ናት፤ ሁለተኛዋ የተዘመተባት አገር ሴት ናት። የሁለቱ ዕጣ ጎን ለጎን ሲታይ ስለ ሴትና ስለ ጦርነት የሚባለው ብዙ ነገር ዳግመኛ መመርመር እንዳለበት ይገለጻል።

አስቀድሞ የዘማቹን ሰፈር አሠራር ማወቅ ይገባል። በዚያ ዘመን ለጦሩ ስንቅ የሚያቀርብ የመንግሥት መሥሪያ ቤት አልነበረም፤ እያንዳንዱ ዘማች በሶውን፣ ቆሎውንና ዱቄቱን ይዞ ይነሣል፤ ሲያልቅበትም ካለፈበት አገር ይበላል። ስለዚህ ወታደሩ ብቻውን አይዘምትም። ሚስቱ ወይም ገረዱ ገንቦ አዝላ፣ ምጣድና ወፍጮ ተሸክማ ትከተለዋለች፤ ድንኳን በተተከለ ጊዜ እንጨት የምትለቅም፣ ውሃ የምትቀዳ፣ እህል የምትፈጭና እንጀራ የምትጋግር እርስዋ ናት። የመኳንንቱ ወጥ ቤትና ጠጅ ቤትም ከነሠራተኞቹ ይጓዛል። ውጊያ ሲጀመር ሴቶቹ ለተዋጊው ውሃ ያቀብላሉ፤ የቆሰለውን ያነሣሉ፤ በዘፈንና በእልልታ የደከመውን ያበረታሉ፤ የሞተውንም በሙሾ ያለቅሳሉ። ይህ ሁሉ ከጦሩ ኑሮ ተለይቶ የሚታይ ትርፍ ነገር አይደለም፤ የጦሩ ጉልበት የተመሠረተው በዚሁ ላይ ነበርና። ሴቶቹ በአንድ ሌሊት ከሰፈሩ ቢነሡ ኖሮ ያ ሠራዊት አንድ ሳምንት አይከርምም ነበር ቢባል ማጋነን አይሆንም።

ወላይታ ደግሞ የሚከላከለው በገዛ አገሩ ላይ ሆኖ ነበር። ድንበሩን በቦይና በካብ ያጠረ፣ ጦረኛው ከቤቱ ሳይርቅ የሚዋጋ ሕዝብ እንደ ሰሜኑ ጦር ወፍጮ የሚሸከም ተከታይ አያስፈልገውም። የእንሰቱ ምግብም በአብዛኛው የሴቶች የሥራ ውጤት ነው፤ ግንዱን የምትፍቀው፣ በጉድጓድ ቀብራ የምታቦካውና የምትጋግረው ሴት ናት። ስለዚህ በወላይታ በኩል ሴቲቱ ከጦር ሜዳው ርቃ በጓሮዋ ነበረች ማለት ይቻላል፤ ባህል የሴት ስፍራ ብሎ ከሚያዝዘው ስፍራ ሳትወጣ። ነገር ግን ይህ አላዳናትም። የወላይታ ጦር ተሸንፎ ካዎ ጦና በተማረኩ ጊዜ ቤቶች ተቃጠሉ፤ ከብቱም ተነዳ። ከወንዶቹ ብዙዎች በጦር ሜዳ አለቁ፤ ሴቶችና ሕፃናት ግን ምርኮኛ ሆነው ከዘማቹ ጋር ረዥሙን መንገድ ሄዱ፤ ከእነርሱም ብዙዎቹ በባርነት ተከፋፈሉ።

እንግዲህ ሴትን ከጦርነት ማራቅ ለጥበቃዋ ነው የሚለው ክርክር በዚህ ላይ ይፈተናል። ጥበቃው የሚሠራው የአገሩ ወንድ እስካሸነፈ ድረስ ብቻ ነው። ወንዱ በተሸነፈ ጊዜ ጋሻ ያልያዘችው ሴት ጋሻ ከያዘው ወንድ ያነሰ መከራ አላገኛትም፤ መከራዋ ዓይነቱ ተለወጠ እንጂ። እርሱ በጦር ሲሞት እርስዋ ትሸጣለች። ከጦርነት ውጭ ናት የተባለችው ሴት በእውነቱ የጦርነት ዋጋ ሆና ተቆጥራ ነበር። ይህም ያለፈ ነገር ብቻ አይደለም፤ በሃያኛውና በሃያ አንደኛው መቶ ዓመት በተደረጉት ጦርነቶችም ያልታጠቁ ሴቶች ምን እንደ ደረሰባቸው የታወቀ ነው።

በአንጻሩ ሴት ተዋጋች ወይም ጦር መራች የሚለው ምስክርነት ሲመረመር ሌላ ነገር ይታያል። የራስ ዓሊ እናት እቴጌ መነን በ1839 ዓ.ም. ጦር አስከትተው በኋላ ዐፄ ቴዎድሮስ የተባሉትን ደጃዝማች ካሣን ተዋጉ፤ ተሸንፈውም ተማረኩ። በወሎም ወይዘሮ ወርቂት በዐፄ ቴዎድሮስ ዘመን ጦርና አገር ይገዙ ነበር፤ ወጣቱ ምኒልክ ከመቅደላ ባመለጡ ጊዜ ያሳለፏቸው እርሳቸው ናቸው። እቴጌ ጣይቱ በ1888 ዓ.ም. የገዛ ጦራቸውን ይዘው ወደ ሰሜን ዘመቱ፤ በመቀሌ የእንዳ ኢየሱስ ምሽግ የነበረው የኢጣልያ ጦር ውሃው ተይዞበት ምሽጉን እንዲለቅ ያደረገው ምክር የእርሳቸው እንደ ነበረ ይነገራል። የካቲት 23 ቀን በዐድዋም በጦሩ መካከል ተገኝተው ያዋጉና ሴቶቹ ለተዋጊውና ለቁስለኛው ውሃ እንዲያደርሱ ያዝዙ ነበር።

እነዚህን ሴቶች ወደ ጦር አመራር ያበቃቸው ግን ሴትነት ወንድነት የማይለይበት ሥርዐት አልነበረም፤ ያበቃቸው የዘር ሐረግ፣ ርስትና ጉልት ነው። ጭፍራ ያለው ሰው፣ ወንድም ይሁን ሴት፣ ጭፍራውን ያዘምታል። በዚያው ሰፈር የእቴጌይቱ ቃል በራሶች ዘንድ ሲሰማ፣ ገንቦ የተሸከመችው ገረድ ግን ስሟ በዜና መዋዕል አልተጻፈም። ከድል በኋላ ሹመትና ጉልት ሲታደል ወታደሩ ተቈጠረ፤ ያበላችው አልተቈጠረችም። ስለዚህ የአንዲት ታላቅ ሴት ጀግንነት ለብዙኀኑ ሴት መብት ማስረጃ ሆኖ ሲጠቀስ፣ በታሪክ ላይ የሌለውን ነገር መጨመር ይሆናል።

በዚያው ዘመን በምዕራብ አፍሪካ የዳሆሜ መንግሥት በውጊያ የሠለጠኑ የሴቶች ጭፍሮች ነበሩት፤ እ.ኤ.አ. በ1890 እና በ1892 ከፈረንሳይ ጦር ጋር ፊት ለፊት ተዋግተዋል። ንጉሥ ቤሃንዚን እ.ኤ.አ. በ1894 እጃቸውን ሰጡ፤ የወላይታ ዘመቻ የተነሣውም በዚያው ዓመት ማብቂያ ነው። የዳሆሜ ሴቶች የሴት አካል ለውጊያ አይሆንም የሚለውን ቃል በተግባር ሐሰት አድርገውታል። ሆኖም የንጉሡ ቤተ ሰብ ሆነው በቤተ መንግሥት ሥርዐት ሥር የታሰሩ ነበሩ፤ ማግባትም አልተፈቀደላቸውም። መዋጋት መቻልና በገዛ ሕይወት ላይ ማዘዝ መቻል ሁለት ልዩ ልዩ ነገሮች መሆናቸውን ከዚህ መረዳት ይቻላል።

በፋሽስት ወረራ ዘመን፣ ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም.፣ ይህ የቆየ ሥርዐት ለጥቂት ጊዜ ተናጋ። ወይዘሮ ከበደች ሥዩም ባላቸው ደጃዝማች አበራ ካሣ በታኅሣሥ 1929 ዓ.ም. በፍቼ ከተገደሉ በኋላ አርበኞችን እየመሩ ተዋጉ። ወይዘሮ ሸዋረገድ ገድሌ ለአርበኞች መሣሪያና ወሬ ሲያቀብሉ ተይዘው ወደ አዚናራ ደሴት ተጋዙ፤ ከተመለሱም በኋላ በአዲስ ዓለም ምሽግ ላይ በተደረገው ውጊያ ተካፈሉ። ወይዘሮ ልኬለሽ በያን ልጃቸውን አዝለው ከአርበኞች ጋር ዘመቱ። ወይዘሮ ስንዱ ገብሩም ከጥቁር አንበሳ ጦር ጋር ነበሩ፤ እርሳቸውም በአዚናራ ታሰሩ። በነጻነት ማግስት በ1948ቱ ሕገ መንግሥት መሠረት በተደረገው የመጀመሪያ ምርጫ የተመረጡት የመጀመሪያዋ ሴት እንደራሴ ስንዱ ገብሩ ናቸው። እዚህ ላይ ከትልቅ ቤት የተወለዱት ብቻ ሳይሆኑ ሌሎችም ሴቶች በስማቸው የታወቁበት ዘመን ታየ።

ይሁንና በዚያው ዘመን ዙሪያ የተመሠረተው ዘመናዊ ሠራዊት ሴትን ከጦሩ አስወጣት። በ1927 ዓ.ም. የተከፈተው የሆለታ ገነት ጦር ትምህርት ቤትም፣ በ1950 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው የሐረር ጦር አካዳሚም የተቋቋሙት ወንዶችን ለማሠልጠን ነበር። ወታደሩ ደመወዝ ተቈረጠለት፤ ስንቁን መኪና አመላለሰው፤ ምግቡን የጦር ክፍሉ ወጥ ቤት አበሰለው። በዚህ ጊዜ በቀድሞው ሰፈር የሴቶች የነበረው ሥራ በደመወዝተኛ ወንዶች እጅ ገባ፤ ለሴቶችም በነርስነትና በጽሕፈት የተወሰነ ስፍራ ቀረላቸው። ጦርነት የወንድ ብቻ ነው የሚለው አሳብ እንደሚመስለው እጅግ የቆየ አይደለም። ሴት የሌለበት ሠራዊት በኢትዮጵያ ዕድሜው አንድ መቶ ዓመት አይሞላውም። የአባቶች ባህል ተብሎ የሚጠቀሰው ነገር አብዛኛው ከባሕር ማዶ በመጡ አሠልጣኞች የተተከለ ልማድ ነው።

ከ1966ቱ አብዮት በኋላ በኤርትራና በትግራይ በተደረገው የትጥቅ ትግል ብዙ ሺህ ሴቶች መሣሪያ አንሥተው ተዋጉ። በኤርትራ ሕዝባዊ ግንባር ከታጋዮቹ ሲሶ ያህሉ ሴቶች እንደ ነበሩ ብዙ ጊዜ ይጠቀሳል። እነዚህ ሴቶች በምሽግ ውስጥ ከወንድ ጋር እኩል ተኝተዋል፤ እኩል ቆስለዋል፤ እኩልም ሞተዋል። በ1983 ዓ.ም. ጦርነቱ ባበቃ ጊዜ ግን የተሰናበቱት ሴቶች የጠበቃቸው የቀድሞው ኅብረተሰብ ነበር። በምሽግ የተመሠረተ ትዳር የፈረሰባቸው፣ ታጋይ ነበረች ተብላ ለማግባት የማትፈለግ የተባሉ፣ ያለ ሥራ የቀሩ ብዙዎች ናቸው። ኤርትራ ከዚያ በኋላ በ1988 ዓ.ም. ብሔራዊ አገልግሎትን በወንድም በሴትም ላይ በሕግ ግዴታ አደረገች፤ ግዴታው እኩል ቢሆንም መብቱ በዚያው መጠን አላደገም።

በኢትዮጵያም የ1987ቱ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 35 ሴቶች ከወንዶች ጋር እኩል መብት እንዳላቸው ደነገገ። በጥቅምት 2011 ዓ.ም. ወይዘሮ አይሻ መሐመድ የመከላከያ ሚኒስትር ሆነው ሲሾሙ በዚያ ወንበር የተቀመጡ የመጀመሪያዋ ሴት ነበሩ። ይህ ትልቅ ነገር ነው፤ ነገር ግን የእቴጌ ጣይቱ ዘመን ትምህርት አሁንም አይዘነጋም። በላይኛው ወንበር ሴት መቀመጧ ብቻ በታችኛው ተራ ያለችውን ሴት ኑሮ አያስረዳም።

ተቃዋሚዎች የሚያነሡት አንድ ብርቱ ነገር አለ። ሴት በጠላት እጅ ብትወድቅ የሚደርስባት ከወንድ ይልቅ ይከፋል ይላሉ። ይህ እውነት ነው፤ ነገር ግን የወላይታ ዘመቻ እንዳሳየው ይህ አደጋ የሚያገኛት በግንባር ስትሰለፍ ብቻ አይደለም፤ በጓሮዋ እያለችም ያገኛታል። ስለዚህ አደጋው ሴትን ከሠራዊት ለማስወጣት ምክንያት ሊሆን አይችልም። ደጋፊዎቹ ደግሞ ሴት ከተዋጋች እኩልነቷ ይከተላል ይላሉ። የዐድዋ ሰፈር፣ የዳሆሜ ጭፍሮችና የ1983 ማግስት ይህ በራሱ እንደማይከተል ያስረዳሉ።

እንግዲህ ከታሪኩ የሚወጣው ፍርድ ይህ ነው። ለውጊያ ሥራ የሚፈለገው ጉልበትና ትምህርት በግልጽ ተወስኖ ያንን የምታሟላ ሴት ልትከለከል አይገባም፤ የሚከለክላት ባህል የዘመናዊው ሠራዊት ልማድ እንጂ የጥንት ሕግ አይደለምና። ነገር ግን የመግባት ፈቃድ ብቻ በቂ አይደለም። በምልመላ፣ በማዕረግ ዕድገት፣ በሰፈር ውስጥ ከአለቃና ከባልንጀራ ጥቃት በመጠበቅ፣ በጡረታና በመልሶ ማቋቋም ረገድ የሴት ወታደር መብት ካልተጻፈና ካልተፈጸመ፣ ከቦዲቲ ወይም ከሌላ ከተማ ለመመዝገብ የምትመጣው ልጃገረድ በመሣሪያ ፈንታ ገንቦ እንደ ተሸከመችው ዘማች ሆና ትቀራለች፤ ጦሩ በእርስዋ ጉልበት ይቆማል፤ ድሉ ሲጻፍ ግን ስሟ አይገኝም። የሕግ አውጪዎችና የጦር አዛዦች ክርክር ሴት ትግባ አትግባ ከሚለው አልፎ በምን መብት ትግባ፣ በምን መብትስ ትውጣ ወደሚለው ሊሻገር ይገባል።