ከቦሩ ሜዳ እስከ ቆቦ፦ አማኝ ወገኑ የቱ ነው?

ይህን ጽሑፍ እንድጽፍ ያነሳሳኝ አንድ ቀብር ነው። በ1980ዎቹ መጨረሻ ገደማ ቆቦ ላይ የተፈጸመ ቀብር። ሟቹ የሰፈራችን ሰው ነበሩ፤ በልጅነታቸው ድቁና የተቀበሉ፣ ሲያድጉ የትምህርት ቤት መምህር የሆኑ፣ በስተርጅና ደግሞ መጽሐፍ ቅዱስ ከሚያነቡ ጥቂት ሰዎች ጋር በየቤቱ እየተሰበሰቡ መጸለይ የጀመሩ። ስማቸውን አልጠራም፤ ልጆቻቸው ዛሬም እዚያው ናቸው።

የሞቱ ዕለት ጡሩምባ ተነፍቶ ቅሬው ወጣ። ወሎን ለማያውቅ አንባቢ፣ ቅሬ ማለት አዲስ አበቤ እድር የሚለው ነው። የእኛ ሰፈር ቅሬ እስላምና ክርስቲያን አይለይም፤ የሞተውን ሁሉ ይቀብራል፣ ያዘነውን ሁሉ ያስተዛዝናል። አስከሬኑን ተሸክመው ደብሩ ደጃፍ ሲደርሱ በሩ ተዘግቶ ጠበቃቸው። «ከእኛ ወጥተዋል፤ ፍትሐት የላቸውም» ተባለ። ወዲያው ደግሞ ከሟቹ የጸሎት ጓደኞች አንዱ፣ ከሌላ ከተማ የመጣ ጎልማሳ፣ «መጀመሪያውኑስ ለምን ወደዚህ አመጣችኋቸው? እውነተኛ አማኝ ከዚህ ደጅ ምን ጉዳይ አለው?» ሲል ተቆጣ። ልብ በሉ፤ ሁለቱ ወገኖች በምንም የማይስማሙ ሆነው ሳለ በአንድ ነገር ግን ተስማምተው ነበር። ሰውየው እዚያም እዚህም ሊሆኑ አይችሉም።

የቆላው ፀሐይ እየከረረ ሄደ። በመጨረሻ ከቅሬው ሽማግሌዎች አንዱ፣ አንድ ሼህ፣ ቃሬዛውን ከትከሻቸው ሳያወርዱ «እኛ እስላሞቹ ተሸክመን ቆመናል፤ እናንተ ክርስቲያኖቹ ትከራከራላችሁ። ለመሆኑ ሰውየው የማን ነበሩ?» ብለው ጠየቁ።

የመለሰላቸው አልነበረም። መምህሩ ራሳቸው በሕይወት ሳሉ ይህ ጥያቄ ሲነሣባቸው «እኔ አልወጣሁም» ይሉ ነበር። ጾም ሲገባ ይጾማሉ፤ በደብሩ ሲያልፉ ይሳለማሉ፤ ማታ ደግሞ መጽሐፋቸውን ይዘው ወደ ጓደኞቻቸው ይሄዳሉ። እንዲህ ያለ ኑሮ ይቻላል ወይስ አይቻልም? አንድ ሰው እምነቱን ሳይሸቅጥ፣ በስም በተሰየመና ድንበር ባበጀ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ አባል ሆኖ መኖር ይችላል? እኔ የሃይማኖት ሊቅ አይደለሁም። ታሪክ አነባለሁ። ስለዚህ የሼሁን ጥያቄ ይዤ ወደ ታሪክ ሄድኩ።

በሩቁ ልጀምር። በ1830ዎቹ እ.ኤ.አ. በአየርላንድ ጆን ኔልሰን ዳርቢ የሚባል የአንግሊካን ቄስ አብያተ ክርስቲያናት ሁሉ ፈርሰዋል ብሎ ወጣ። ታማኞች ያለ ስም፣ በክርስቶስ ስም ብቻ መሰብሰብ አለባቸው አለ። አገሬው ግን ስም አወጣላቸውና «የፕሊማውዝ ወንድሞች» ተባሉ። በ1848 እነሱም ለሁለት ተከፈሉ፤ አንደኛው «ክፍት»፣ ሁለተኛው «ዝግ» ተባለ። ወገን አልሆንም ብሎ የወጣ ሰው ሁለት ወገን ሆኖ ተገኘ ማለት ነው። ይህን የማነሳው ለመሳለቅ አይደለም። ከቤት መውጣት ብቻውን ከወገንተኝነት እንደማያወጣ ለማሳየት ያህል ነው።

የእኛው ታሪክ ከዚህ በጣም ይቀድማል፤ ያውም ከወሎ ሳንወጣ። ከቆቦ በወልድያ በኩል ወደ ደሴ የሚወርድ መንገደኛ ደሴ ሊገባ 30 ኪሎ ሜትር ያህል ሲቀረው ሐይቅን ያገኛል። ሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳም ውስጥ እ.ኤ.አ. በ1400 ገደማ አንድ ታላቅ መነኩሴ ታስረው ነበር፤ የደብረ ቢዘኑ አባ ፊልጶስ። ጥፋታቸው ቅዳሜን እንደ እሑድ ማክበራቸው ነው። እሳቸውና ወንድሞቻቸው የአቡነ ኤዎስጣቴዎስ ተከታዮች ሲሆኑ፣ ከእስክንድርያ የመጡት ጳጳሳት ይህን ሥርዓት ስላልተቀበሉት ክህነት ተነፍገው በየገዳማቸው ለብቻቸው ይኖሩ ነበር። ዐፄ ዳዊት ጉባኤ አስጠሩ። አቡነ በርተሎሜዎስ ፈረዱባቸው፤ የሐይቁ ዐቃቤ ሰዓት ሠረቀ ብርሃንም ከፈራጆቹ ወገን ነበሩ። አባ ፊልጶስ በሐይቅ አራት ዓመት ቆዩ። በ1404 ንጉሡ ፈቷቸው፤ ቅዳሜንም እንዲያከብሩ ፈቀዱላቸው።

ነገሩ በዚህ ቢያበቃ ተራ ታሪክ በሆነ ነበር። ግን በ1450 ዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ በሸዋ ደብረ ምጥማቅ ጉባኤ ጠርተው ሁለቱም ሰንበታት በመላው ቤተ ክርስቲያን እንዲከበሩ አስወሰኑ። የኤዎስጣቴዎስ ልጆችም ተመልሰው ክህነት ተቀበሉ። እንግዲህ አባ ፊልጶስ የታሰሩበት ነገር ከተፈቱ ከ46 ዓመት በኋላ የአሳሪያቸው ቤት ሕግ ሆነ ማለት ነው። ታዲያ በእነዚያ ዓመታት እነዚህ ሰዎች ውስጥ ነበሩ ወይስ ውጭ? ክህነት ተከልክለዋል፤ ነገር ግን የራሳቸውን ጳጳስ አልሾሙም፤ ሌላ ቤተ ክርስቲያንም አላቆሙም። ደጅ ላይ ቆዩ። ድንበሩ ራሱ ተንቀሳቅሶ አገኛቸው።

ሁሉም ደጅ ጠኚ ግን እንዲህ አልቀናውም። የጎንደርን ዘመን የሚያውቅ አንባቢ ካራ፣ ጸጋና ቅባት የሚሉትን ስሞች ያስታውሳል። ዐፄ ሱስንዮስ የካቶሊክን እምነት አውጀው፣ በ1632 እ.ኤ.አ. ዙፋኑን ለልጃቸው ለፋሲለደስ ከለቀቁ በኋላ፣ ኢየሱሳውያኑ ቢባረሩም የጫሩት ክርክር አልጠፋም። የክርስቶስ መቀባት ምን ማለት ነው? ካራዎቹ ሁለት ልደት ብቻ አሉ፤ ከአብና ከድንግል። የጸጋ ልጅ ባዮቹ በመንፈስ ቅዱስ ሦስተኛ ልደት ጨመሩ። ቅባቶቹ ሥጋ የባሕርይ ልጅነትን ያገኘው በቅብዐት ነው አሉ። «ካራ» የሚለውን ስም ልብ ይሏል፤ ካራ ቢላዋ ነው። ስሙን ያወጡላቸው ተቃዋሚዎቻቸው ናቸው፤ ሦስተኛውን ልደት ቆረጡ ሲሉ። በዓለም ላይ ስንት የሃይማኖት ወገን ጠላቱ ባወጣለት ስም እንደሚጠራ ቢቆጠር ብዙ በሆነ።

አገሩም በዚያው ልክ ተከፈለ። ጎጃም ቅባት፣ ትግራይ ካራ፣ ሸዋ ሦስት ልደት። በ1846 ዓ.ም. ዐፄ ቴዎድሮስ ገና ካሣ ሳሉ ከአቡነ ሰላማ ጋር ተስማምተው አምባ ጫራ ላይ ከካራ በቀር ሌላ እንዳይሰበክ አስወሰኑ። ነገሩ ግን አልበረደም። ዐፄ ዮሐንስ በ1870 ዓ.ም. መጋቢት ላይ ልቼ ላይ ከምኒልክ ጋር ታርቀው፣ በግንቦት ከደሴ ብዙም በማይርቀው ቦሩ ሜዳ ጉባኤ ተቀመጡ። ምኒልክም ነበሩ፤ ሦስት ልደት ሲሰበክበት ከኖረው ከሸዋ የመጡ ንጉሥ። ከእስክንድርያው ፓትርያርክ የመጣው ደብዳቤ ተነበበ፤ ካራ ጸና፤ ሌላው ተወገዘ። እምቢ ካሉት መካከል ምላሳቸው የተቆረጠ እንዳሉ የታሪክ ጸሐፊዎች ጽፈዋል።

ዐፄ ዮሐንስን መውቀስ ቀላል ነው። ነገር ግን ከጉንደትና ከጉራ ጦርነት ገና ሦስት ዓመት አልሞላቸውም፤ ግብፅ ደጃቸው ላይ ነበረች። በሦስት የተከፈለ ሃይማኖት የተከፈለ ጦር መስሎ ቢታያቸው አይፈረድባቸውም። እኔን የሚከነክነኝ ሌላ ነው። የዛሬ ሰው «እነዚያ ሊቃውንት በጥቃቅን ቃል ነው የተጣሉት፤ ሁሉም አንድ ነው» ሲል እሰማለሁ። አንድ ቢሆን ኖሮ ስለምን ሰው ምላሱን ይሰጣል? «ሁሉም አንድ ነው» ማለት አስተዋይነት ይመስላል እንጂ ያመነውን ሁሉ፣ ካራውንም ጸጋውንም፣ መናቅ ነው። መምህራችንም እንዲህ ቢባሉ ደስ አይላቸውም ነበር።

ቦሩ ሜዳ ለወሎ ያመጣው ሌላው ጣጣ ደግሞ የታወቀ ነው። የክርስቲያኖቹ ወገን አንድ ከሆነ በኋላ ተራው የእስላሙ ሆነ። ኢማም መሐመድ አሊ ዐፄ ዮሐንስ ክርስትና አንሥተዋቸው ሚካኤል ተባሉ፤ በኋላ ንጉሥ ሚካኤል የሆኑት ናቸው። ኢማም አመዴ ሊበንም ምኒልክ አንሥተዋቸው ኃይለ ማርያም ተባሉ። ያልተቀበሉት፣ እንደ ሼህ ጠልሃ ያሉት፣ ተዋጉ። የቀረው ሕዝብ ቀን ክርስቲያን ማታ እስላም ሆነ እየተባለ ይነገርለታል። የእኔ ቅድመ አያት ሁለት ስም ነበራቸው፤ አንዱ የጥምቀት፣ አንዱ የቤት። በራያ ቆላ ይህን ብርቅ የሚለው የለም። አንድ የቤት ምሰሶ ሥር መስጊድ የሚሄድና ቤተ ክርስቲያን የሚስም ወንድማማች መኖሩም እንደዚያው።

የመምህሩ የጸሎት ጓደኞች መነሻ ግን ከዚህ ሁሉ ይለያል። ሳሙኤል ጎባት በ1830 እ.ኤ.አ. ወደ ኢትዮጵያ ሲገባ የላከው የእንግሊዝ ሚሲዮን ማኅበር ዓላማ አዲስ ቤተ ክርስቲያን ማቆም አልነበረም፤ ነባሯን በመጽሐፍ ቅዱስ ማደስ ነበር። የእሱ ባልደረባ ክራፕፍ በ1842 ከአንኮበር ተነሥቶ ወሎ ላይ አዳራ ቢሌ ያለውን ሁሉ ዘርፎት፣ ባዶ እጁን በእኛ ምድር በኩል አሸንጌን እያየ ወደ ምጽዋ ወጣ። ዓላማውም እንደ ስንቁ መንገድ ላይ ቀረ። ኋላ በ1860ዎቹ እ.ኤ.አ. በሐማሴን ጸዓዘጋ መጽሐፍ ቅዱስ ማንበብ የጀመሩ ካህናት እዚያው በቤተ ክርስቲያናቸው መቆየት ነበር ፍላጎታቸው። ተባረሩ፤ ተሰደዱና ከስዊድን ሚሲዮናውያን ጋር ተጠጉ። መቼም ብዙው የወንጌላዊት ቤተ ክርስቲያን ታሪካችን ሲጀመር እንዲህ ነው፤ አንዱ አውጥቶ፣ ሌላው ተቀብሎ።

መንግሥትም እጁን አስገባ። በ1936 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 3 አገሩን ለሁለት ከፈለው፤ ሚሲዮን የሚሰብክበትና የኢትዮጵያ ቤተ ክርስቲያን ክልል ሆኖ ትምህርትና ሕክምና ብቻ የሚፈቀድበት። የሰው እምነት በካርታ ተለካ። መካነ ኢየሱስ በ1951 ዓ.ም. እንደ ብሔራዊ ቤተ ክርስቲያን ስትቋቋም፣ ውስጥ ሆኖ ማደስ የሚለው የጎባት ሐሳብ በይፋ አበቃ። ሐሳቡ በግለሰብ ልብ ውስጥ ግን አላበቃም፤ መምህራችን ምስክር ናቸው።

ደርግ ሲመጣ ወገን አልለየም። በ1971 ዓ.ም. የኦርቶዶክሱን ፓትርያርክ አቡነ ቴዎፍሎስንና የመካነ ኢየሱሱን ዋና ጸሐፊ ቄስ ጉዲና ቱምሳን በሳምንታት ልዩነት ገደለ። ሁለቱም የት እንደተቀበሩ ለዓመታት አልታወቀም። ዐፅማቸው ወጥቶ በክብር ያረፈው ሥርዓቱ ከወደቀ በኋላ ነው።

ከዚያ ወዲህ ያለውን አንባቢ ያውቀዋል። ከ1984 እስከ 2010 ዓ.ም. አንድ ዶግማ፣ አንድ ቅዳሴ ይዛ ቤተ ክርስቲያኒቱ በሁለት ሲኖዶስ ኖረች፤ አሜሪካ ያሉ ወገኖቻችን የአገር ቤት፣ ስደተኛና ገለልተኛ እያሉ ደብር መምረጥ ነበረባቸው። በ2015 ዓ.ም. ሐምሌ ደግሞ ከጦርነቱ ቁስል የተነሣ በትግራይ ያሉ አባቶች በአክሱም የራሳቸውን ኤጲስ ቆጶሳት ሾሙ። ድንበር ላይ ላለ የራያ ምእመን የመምህሩ ጥያቄ በሌላ በር መጣበት። ቅዳሴው አንድ ነው፤ በቅዳሴው የሚጠራው ጳጳስ ማን ይሁን?

እንግዲህ ለሼሁ ምን እመልስ ነበር? መምህሩ የደብራቸው ነበሩ እላለሁ፤ በሩ ቢዘጋባቸውም። የጓደኞቻቸውም ነበሩ፤ ጎልማሳው ቢቆጣም። አንድ ሰው በሚጎድላት ቤት ውስጥ ታማኝ ሆኖ መኖር የሚችል ይመስለኛል፤ የማይጎድላት ቤት አላየሁምና። ግን ይህን የምለው የሐይቁን እስር አራት ዓመት ሳልታሰር፣ የቦሩ ሜዳን ቢላዋ ሳላይ ስለሆነ ቃሌ ክብደት እንደሌለው አውቃለሁ።

ያን ዕለት አስከሬኑ ደጃፉ ላይ አልዋለም። ከቅሬው አባላት አንዱ ገበሬ ከማሽላ እርሻው ጥግ፣ ፊቱን ወደ ዞብል ተራራ ካዞረው በኩል፣ መሬት ሰጠ። እዚያ ቀበርናቸው።

ባለቤታቸው ከዚያ በኋላ ብዙ ዓመት ኖሩ። ሰንበቴያቸውን አላቋረጡም፤ የማርያም ማኅበራቸውንም እስከ መጨረሻው ጠጡ። ሊሞቱ ሲሉ ግን ከባሌ ጎን ቅበሩኝ ብለው አስጨነቁ። ልጆቹ ተከፋፈሉ፤ ቅሬው እንደገና ተሰበሰበ። የንስሐ አባታቸው፣ እጅግ ያረጁ ቄስ፣ ሲጠየቁ ለረዥም ጊዜ ዝም አሉ። ከዚያ ፍትሐቱ በደብሩ ይሁን፣ ቀብሩ እሳቸው ባሉት ይሁን አሉ።

እንዳሉትም ሆነ። ፍትሐቱ በደብሩ ተደረገ። ካህናቱ እስከ ቅጽሩ በር ሸኙ። ከበሩ ወዲያ ቃሬዛውን ቅሬው ተረከበና ወደ ማሽላው እርሻ አመራ።