ብርዱ ወይስ የሙቀቱ ወራት ማጠር? በሰሜን ረግረጎች የሚኖሩ እንቁራሪቶችና ተሳቢዎች

የሰውነቱን ሙቀት ከአካባቢው የሚያገኝ እንስሳ ምድሩ ለወራት በበረዶ በሚሸፈንበት ሰሜን እንዴት ይኖራል? ብዙ አጥኚዎች መልሱን ሲሹ ዓይናቸውን የሚጥሉት ብርዱ ላይ ነው። በእኔ ግምት ግን ከብርዱ ይልቅ የሚከብደው የሙቀቱ ወራት ማጠር ነው።

ለብርዱማ መላ አለ። በአላስካና በካናዳ የሚኖረው የደን እንቁራሪት (ሊቶባተስ ሲልቫቲከስ) የሚራባው በረግረጉ ኩሬ ቢሆንም፣ ብርዱን የሚያሳልፈው ግን ወደ የብስ ወጥቶ በቅጠል ረብራብ ሥር ነው። ቆዳው መርጋት ሲጀምር ጉበቱ ያከማቸውን ግላይኮጅን ወደ ግሉኮስ ለውጦ በደም ያሠራጫል፤ ስኳሩም ሴሎቹን ከጉዳት ይጠብቃል። ከሰውነቱ ውኃ እስከ 65 በመቶው በረዶ ይሆናል፤ ልቡ ይቆማል፣ ትንፋሹም ይቋረጣል። እ.ኤ.አ. በ2014 የታተመ የአላስካ ጥናት በመኖሪያቸው የተከታተላቸው እንቁራሪቶች በአማካይ ለ193 ተከታታይ ቀናት በረዶ ሆነው ከቆዩ በኋላ ሁሉም በሕይወት እንደተነሡ መዝግቧል። ቅዝቃዜው ከዜሮ በታች እስከ 18 ዲግሪ ሴልሺየስ ወርዶ ነበር። የአውሮፓው ተራ እንቁራሪት (ራና ቴምፖራሪያ) ይህ ችሎታ የለውም፤ ብዙውን ጊዜ እስከ ታች በማይረጋ ውኃ ውስጥ በቆዳው ኦክስጅን እየሳበ ይከርማል።

የሙቀቱን ወራት ግን የሚያስረዝም መላ የለም፤ ያለው አማራጭ መፍጠን ወይም ፀሐይን መከተል ነው። የሰሜን ስዊድን የተራ እንቁራሪት እጮች በእኩል ሙቀት ሲያድጉ እንኳ ደቡብ ካሉት ዘመዶቻቸው ቀድመው እግር ያወጣሉ። በስካንዲኔቪያ የአርክቲክን ክበብ አልፈው የሚኖሩት ተሳቢዎች፣ እፉኝቷ (ቪፔራ ቤሩስ) እና እንሽላሊቷ (ዙቶካ ቪቪፓራ)፣ እዚያ ሁለቱም እንቁላል አይጥሉም፤ ልጅ ይወልዳሉ። በቀዝቃዛ አፈር የተጣለ እንቁላል ሳይፈለፈል ወራቱ ያልፍበታል። እናቲቱ ግን በሳረንስት ጉብታ ላይ ፀሐይ እየሞቀች ጽንሷን ታሞቃለች። ዋጋው ቀላል አይደለም፤ የሰሜን እፉኝት በአብዛኛው በየዓመቱ መውለድ አትችልም።

ይህን ኑሮ የሰው ሥራም ያከብደዋል። ለምሳሌ ፊንላንድ ከተፈጥሮ ረግረጎቿ ከግማሽ በላዩን፣ በዋናነት ለደን ልማት ስትል፣ በቦይ አጠንፍፋለች። ቦዩ እንቁራሪቶቹ የሚራቡበትን ኩሬ ያደርቃል፤ በደረቀው መሬት የሚያድገው ጥቅጥቅ ደንም ተሳቢዎቹ የሚሞቁበትን ፀሐይ ይጋርዳል። ስለዚህ ውኃውን ብቻ የሚያስከብር የጥበቃ ሕግ ጎደሎ ነው፤ ፀሐይ የሚያገኘው ጉብታና የሚከርሙበት የየብስ ዳርቻም አብረው መከለል አለባቸው።