አውቶማቲክ የኤስፕሬሶ ማሽን በጅቡቲ ከተማ

አውቶማቲክ የኤስፕሬሶ ማሽን ቡናን ራሱ ፈጭቶና ጠቅጥቆ፣ 90 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ በሞቀ ውሃ፣ በ9 ባር ግፊት የሚያፈላ የኤሌክትሪክ መሣሪያ ነው። መነሻው አንጀሎ ሞሪዮንዶ በ1884 እ.ኤ.አ. በቱሪን የፈጠራ መብት ያገኘበት የእንፋሎት ማሽን ነው።

በጅቡቲ ከተማ የጥገናው ዋና ጉዳይ ውሃ ነው። ከተማዋ ለረጅም ጊዜ የኖረችበት የከርሰ ምድር ውሃ ጨዋማና ማዕድን የበዛበት በመሆኑ፣ በማሞቂያውና በቱቦዎቹ ውስጥ ነጭ ቅርፊት ይጋግራል። ቅርፊቱ በሲትሪክ አሲድ ይሟሟል፤ ኮምጣጤ ርካሽ ቢሆንም የላስቲክ ማሸጊያዎችን ሊጎዳ ይችላል። የማሽኑ የውሃ ማጣሪያ የካልሲየም መጠንን እንጂ ጨዋማነትን ስለማይቀንስ፣ ማዕድኑ ያነሰ የታሸገ ውሃ ይመረጣል። ከ2017 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ከኢትዮጵያ በቧንቧ የሚገባው ውሃና በ2021 እ.ኤ.አ. የተመረቀው የዶራሌ የባሕር ውሃ ማጣሪያ የከተማዋን የውሃ አቅርቦት አስፍተዋል። የባሕር ጠረፉ ሙቀትና እርጥበት ሻጋታ ስለሚያፋጥን፣ የቡና አተላ መያዣው በየቀኑ ይደፋል፤ ተነቃይ የማፍያ ክፍል ባላቸው ማሽኖችም ክፍሉ እየወጣ በንጹሕ ውሃ ይታጠባል።