ጀማሪው አሽከርካሪና ቀዩ መብራት፦ የመንጃ ፈቃድ ስረዛ በብሪታኒያ የሕግ ታሪክ



የዛሬው ንግግሬ ስለ አንድ አጭር አዋጅ ነው። የብሪታኒያ ፓርላማ እ.ኤ.አ. በ1995 ያወጣውና ከጁን 1 ቀን 1997 ጀምሮ በሥራ ላይ የዋለው ይህ ሕግ የአዲስ አሽከርካሪዎች አዋጅ በመባል ይታወቃል። ይዘቱ በጥቂት ቃላት ይነገራል። ማንኛውም ሰው የመንዳት ፈተና ካለፈበት ቀን አንሥቶ በ2 ዓመት ውስጥ በፈጸመው ጥፋት የቅጣት ነጥቡ 6 ከደረሰ፣ መንጃ ፈቃዱ ይሰረዛል። ቀይ መብራት ጥሶ ማለፍ 3 ነጥብ ያስይዛል። እንግዲህ ሁለት ጊዜ መብራት የጣሰ፣ ወይም አንድ ጊዜ መብራት ጥሶ ሌላ ጊዜ ከፍጥነት ወሰን ያለፈ ጀማሪ ወደ ተለማማጅነት ይመለሳል። አንጋፋው አሽከርካሪ ግን ያንኑ ጥፋት ፈጽሞ፣ ያንኑ 6 ነጥብ ተሸክሞ መንዳቱን ይቀጥላል፤ እርሱን የሚያሰጋው በ3 ዓመት ውስጥ 12 ነጥብ መድረስ ነው። ጥፋቱ አንድ ሆኖ ሳለ መዘዙ ስለምን ሁለት ሆነ? ለዚህ መልስ ለማግኘት ከመቶ ዓመት በላይ ወደ ኋላ መሄድ ግድ ይላል።

መብራቱ ከመኪናው ይቀድማል። የመጀመሪያው የመንገድ መብራት ምልክት በለንደን ከፓርላማው ሕንፃ አጠገብ የቆመው በዲሴምበር 1868 ነበር። ያቀደው ጆን ፒክ ናይት የባቡር ሐዲድ ሰው ስለነበር ምልክቱንም ከባቡር ወሰደ፤ ቀን ቀን ከፍ ዝቅ የሚሉ ክንዶች፣ ሌሊት ደግሞ በጋዝ የሚበሩ ቀይና አረንጓዴ ፋኖሶች ነበሩት። ቀዩ “ቁም” ይል ነበር። አረንጓዴው ግን እንደ ዛሬው “እለፍ” ሳይሆን “ተጠንቀቅ” ማለት ነበር። በጥር ወር 1869 ጋዙ ፈንድቶ መብራቱን የሚያንቀሳቅሰውን ፖሊስ ጎዳው፤ ነገሩም በዚያው ተተወ። በኤሌክትሪክ የሚሠራው መብራት በአሜሪካ ክሊቭላንድ ከተማ በ1914 ሲተከል፣ ያለ ሰው እጅ ራሱን የሚቀያይረው ደግሞ ወደ ብሪታኒያ የገባው በ1920ዎቹ መገባደጃ ላይ ነው።

መንጃ ፈቃዱስ? በ1903 የወጣው የመኪና አዋጅ ከጃንዋሪ 1 ቀን 1904 ጀምሮ ማንኛውም አሽከርካሪ ፈቃድ እንዲይዝ አዘዘ። ፈቃዱ የሚገኘው 5 ሽልንግ በመክፈል ነበር። ፈተና የለም፤ መሪ መጨበጥ ማወቁን የሚጠይቅ ሰውም የለም። ዕድሜው 17 የሞላው ሰው ከፍሎ ይወስዳል። ይህን ወረቀት ከግብር ደረሰኝ የሚለየው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ ጥፋት በተፈጸመ ጊዜ ፍርድ ቤቱ ጥፋቱን በፈቃዱ ላይ እንዲጽፍ፣ ሲብስም ፈቃዱን እንዲያግድ ሥልጣን ተሰጥቶት ነበር። የዛሬው የቅጣት ነጥብ ሥርወ መሠረቱ ይህ በወረቀት ላይ የሚሰፍር ማስታወሻ ነው።

ትልቁ ለውጥ የመጣው በ1930ዎቹ ነው። በ1934 ብቻ በብሪታኒያ መንገዶች 7,343 ሰዎች ሞቱ። በዚያው ዓመት የወጣው አዋጅ የመንዳት ፈተናን አስገዳጅ አደረገ፤ በትራንስፖርት ሚኒስትሩ በሌስሊ ሆር ቤሊሻ ዘመንም ከጁን 1 ቀን 1935 ጀምሮ ተፈጻሚ ሆነ። እዚህ ላይ የታሪክ ተማሪ ሊያተኩርበት የሚገባ ነጥብ አለ። ፈተናው የሚመለከተው ከኤፕሪል 1 ቀን 1934 ወዲህ መንዳት የጀመሩትን ብቻ ነበር። ከዚያ ቀን በፊት ፈቃድ የነበራቸው ሰዎች፣ መልካም ነጂም ሆኑ ክፉ፣ ዕድሜ ልካቸውን ሳይፈተኑ የመንዳት መብታቸው ተጠበቀላቸው። በእኔ አስተያየት “አዲስ” እና “ነባር” አሽከርካሪ በሕግ ፊት የተለያዩት ያን ጊዜ ነው። የለያቸውም ችሎታ ሳይሆን የቀን መቁጠሪያ ነው። ይህን ያዙልኝ፤ በኋላ እመለስበታለሁ።

ከዚያ በኋላ ያለውን በአጭሩ ልለፈው። በ1962 የወጣ ሕግ በ3 ዓመት ውስጥ 3 ጊዜ ጥፋት የተመዘገበበትን አሽከርካሪ ለ6 ወር ማገድን ደነገገ። ይህ አሠራር ቀላሉንና ከባዱን ጥፋት እኩል ስለሚቆጥር በ1981 በወጣው የትራንስፖርት አዋጅ በነጥብ ተተካ፤ ነጥቡም ከኖቬምበር 1982 ጀምሮ ይቆጠር ጀመር።

በዚሁ ወቅት በሌሎች አገሮች አዲስ ሐሳብ ይብላላ ነበር። ፈተና ማለፍ የመማር ፍጻሜ ሳይሆን አደገኛው ዘመን የሚጀምርበት ደጅ ነው የሚል ሐሳብ ነበር። ጀርመን በ1986 ለጀማሪዎች የ2 ዓመት የሙከራ ፈቃድ አወጀች። ኒውዚላንድ በ1987 ፈቃድን በደረጃ መስጠት ጀመረች፤ ጀማሪው በመጀመሪያ ሌሊት ብቻውን አይነዳም፣ ሰውም እንዳሻው አይጭንም። የብሪታኒያ ሕግ አውጪዎች ግን ሌላ መንገድ መረጡ። ጀማሪውን ከመነሻው አይገድቡትም፤ ሙሉ ነጻነት ይሰጡትና ሲያጠፋ ሁሉንም በአንድ ጊዜ ይነሡታል። የኒውዚላንዱ ሕግ አስቀድሞ የሚከላከል ነው፤ የብሪታኒያው በማስፈራራት የሚሠራ ነው። ሁለቱን ለማመዛዘን የሚፈልግ ሰው ይህን ልዩነት ከቶ መዘንጋት የለበትም።

አሁን ወደ አዋጁ ውስጥ እንግባ። ሕጉ የሚናገረው ስለ ስረዛ እንጂ ስለ እገዳ አይደለም። እገዳ ፍርድ ቤት የሚወስነው ቅጣት ነው፤ ዘመኑ ሲያልፍ ሰውዬው ፈቃዱን መልሶ ይይዛል። ስረዛ ግን አስተዳደራዊ እርምጃ ነው። ነጥቡ 6 ሲደርስ ፈቃዱ ወደ መንግሥት መሥሪያ ቤት ይላካል፤ መሥሪያ ቤቱም ሊሰርዘው ግዴታ አለበት። የማመዛዘን ሥልጣን የለውም። 12 ነጥብ የደረሰ አንጋፋ ዳኛ ፊት ቀርቦ “ፈቃዴ ቢታገድ ከመጠን ያለፈ ችግር ይደርስብኛል፤ ሥራዬን አጣለሁ፣ የታመመች እናቴን የሚያመላልስ የለም” ብሎ ሊከራከር ይችላል፤ ዳኛውም ሊሰማው ይችላል። ጀማሪው ይህን የሚናገርበት መድረክ የለውም። ቅጣት አይደለም ስለተባለ የቅጣት ማቅለያም አልተበጀለትም። እኔ የአዋጁን ዓላማ ብደግፍም ይህን ክፍሉን ለመደገፍ እቸገራለሁ፤ ሕግ የአንድን ነገር ስም ስለለወጠ በተቀባዩ ላይ የሚያርፈው ክብደት አይለወጥም።

ጠበቆች በበኩላቸው መውጫ ፈለጉ። አንዳንድ ጀማሪዎች ፍርድ ቤት ቀርበው በነጥቡ ፈንታ ለጥቂት ሳምንታት እንዲታገዱ ራሳቸው ይለምኑ ጀመር፤ የታገደ ሰው ነጥብ ስለማይመዘገብበት ፈቃዱ አይሰረዝም፣ ፈተናም አይጠብቀውም። ነገሩ እንግዳ ነው፤ ተከሳሽ የከበደ የሚመስለውን ቅጣት ስጡኝ ይላል። የፍርድ ቤቶች የቅጣት አወሳሰን መመሪያ ግን ይህ የፓርላማውን ግልጽ ፍላጎት የሚያከሽፍ በመሆኑ በመርሕ ደረጃ ተገቢ እንዳልሆነ ለዳኞች አሳስቧል።

የአዋጁ ጉልበት የበረታው በካሜራ ምክንያት ነው። በ1991 የወጣ ሕግ በተፈቀደ መሣሪያ የተቀረጸ ምስል በፍርድ ቤት ማስረጃ እንዲሆን በር ከፈተ። ከዚያ በፊት መብራት የጣሰ ሰው የሚከሰሰው ፖሊስ ዐይቶት እንደሆነ ነበር፤ ፖሊሱም ገሥጾ ሊለቀው ይችል ነበር። ካሜራ አይገሥጽም። ጥፋቱም ሐሳብን አይጠይቅም፤ መብራቱ ቀይ ሳለ የማቆሚያውን መስመር ማለፍ ብቻውን በቂ ነው። ማስታወቂያው በ14 ቀን ውስጥ ለመኪናው ባለቤት ይደርሳል፤ ባለቤቱም ማን ይነዳ እንደነበር የመናገር ግዴታ አለበት። ከ2007 ወዲህ ይህን አለመናገር ራሱ 6 ነጥብ ያስይዛል፤ ስለዚህ ዝም ያለ ጀማሪ መብራቱን በመጣሱ ከሚደርስበት የባሰ ያገኘዋል። እያሽከረከሩ በእጅ የያዙትን ስልክ መጠቀምም ከማርች 2017 ጀምሮ ከ3 ወደ 6 ነጥብ ከፍ ብሏል። በ1995 የተጻፈው አዋጅ የ6 ነጥብ ወሰኑ ሳይነካ፣ ሌሎች ሕጎች በዙሪያው በመለወጣቸው ብቻ፣ አንድ ስሕተት ይታገሥ የነበረው ያንኑ አንዱንም የማይታገሥ እየሆነ መጣ።

ያዙልኝ ወዳልኳችሁ ነጥብ ልመለስ። በዚህ ሕግ “አዲስ” የሚባለው ማነው? ወጣት አይደለም፤ ልምድ የሌለውም አይደለም። በብሪታኒያ ወይም አዋጁ በሚጠቅሳቸው የአውሮፓ አገሮች የመጀመሪያውን ፈተና ካለፈ 2 ዓመት ያልሞላው ሰው ነው። የኢትዮጵያ መንጃ ፈቃድ በብሪታኒያ ፈቃድ ያለ ፈተና ከሚለወጥላቸው አገሮች ዝርዝር ውስጥ የለም። ወደዚያ የሄደ ወገናችን ኑሮውን ከመሠረተበት ቀን አንሥቶ በያዘው ፈቃድ መንዳት የሚችለው 12 ወር ብቻ ነው፤ ከዚያ በኋላ የጽሑፉንም የተግባሩንም ፈተና ማለፍ አለበት። በአዲስ አበባና በጅማ መካከል 20 ዓመት ሙሉ የጭነት መኪና ያመላለሰ ሰው በለንደን ፈተናውን ባለፈ ማግስት በሕግ ዐይን ከ17 ዓመት ጎረምሳ ጋር እኩል ጀማሪ ነው።

ይህ ሰው ሁለት ጊዜ ካሜራ ቢይዘውና ፈቃዱ ቢሰረዝ፣ ተለማማጅ ፈቃድ ያወጣል፤ በመኪናው ፊትና ኋላ የተለማማጅ ምልክት ይለጥፋል፤ ሁለቱንም ፈተና እንደገና ይቀመጣል። ሲያልፍ ነጥቦቹ ባይፋቁለትም የሙከራ ዘመኑ ዳግመኛ አይቆጠርበትም፤ ሕጉ ከእንግዲህ አዲስ አይለውም። እስከዚያው ግን ከጎኑ ዕድሜው 21 የሞላ፣ ሙሉ ፈቃድም ቢያንስ ለ3 ዓመት የያዘ ሰው ሳይቀመጥ ሊነዳ አይችልም። ያ ሰው በዚያው አገር ያደገች የ22 ዓመት ልጁ ልትሆን ትችላለች።